የመንግሥት ገንዘብ ለሠራተኛ ሽልማትና ማበረታቻ ሲወጣ፦ የአሜሪካ ሕግ ድንበሩን የት ያሰምራል?

የበጀት ዓመት ሊዘጋ ሲቃረብ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ሠራተኛው ዓመቱን ሙሉ ደክሟል፤ ዕቅዱም ተሳክቷል፤ ታዲያ በመሥሪያ ቤቱ በጀት ቲሸርት ማሳተም፣ ኩባያ ማደል፣ ምሳ መጋበዝ ይቻላል ወይ? በግል ድርጅት ውስጥ ይህ የባለቤቱ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ከኪሱ አውጥቶ ቢሸልም የሚጠይቀው የለም። በመንግሥት ቤት ግን ገንዘቡ ከአርሶ አደሩ፣ ከነጋዴውና ከደመወዝተኛው በግብር የተሰበሰበ ነውና መልሱ ከኃላፊው ቸርነት ሳይሆን ከሕግ መገኘት አለበት።

ለዚህ ጥያቄ እጅግ ዝርዝር መልስ ካላቸው ሀገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። የፌዴራል መንግሥቷ ሕግና የኦዲት ውሳኔዎች ከቁልፍ መያዣ እስከ ሜዳሊያ፣ ከወረቀት ሰሃን እስከ ሙዚቃ ድረስ ያሉትን ጥቃቅን ወጪዎች ሳይቀር አንድ በአንድ መርምረዋል። ውሳኔዎቹ በጽሑፍ ተጠብቀው ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑም፣ አንድ መንግሥት ሠራተኛውን እያበረታታ የሕዝብን ገንዘብ እንዴት ሊጠብቅ እንደሚችል በተግባር ያሳያሉ።

መነሻው፦ ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ነው

እ.ኤ.አ. በ1787 የተረቀቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት፣ በሕግ ካልተፈቀደ በቀር ከግምጃ ቤት ምንም ዓይነት ገንዘብ ወጪ እንደማይደረግ ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ1809 የወጣውና በይዘቱ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ሕግ ደግሞ፣ በጀት ለተፈቀደለት ዓላማ ብቻ መዋል እንዳለበት ያዛል። ከእነዚህ ሁለት ድንጋጌዎች የሚወጣው መርሕ ከግለሰብ ኑሮ ተቃራኒ ነው። ግለሰብ ያልተከለከለውን ሁሉ ማድረግ ይችላል፤ የመንግሥት ሹም ግን በሕዝብ ገንዘብ ማድረግ የሚችለው የተፈቀደለትን ብቻ ነው። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1976 በሰጠው ውሳኔ ይህንኑ አጽንቷል። «የሚከለክል ሕግ አላገኘሁም» ማለት ለወጪ ማስረጃ አይሆንም፤ የሚፈቅደውን ማሳየት ያስፈልጋል።

እርግጥ ነው፣ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ እያንዳንዱን እርሳስና ወረቀት ሊዘረዝር አይችልም። ስለዚህ «አስፈላጊ ወጪ» የሚባል መመዘኛ ተበጅቷል። ወጪው በመጀመሪያ በጀቱ ከተሰጠበት ሥራ ጋር እውነተኛ ግንኙነት ሊኖረው ይገባል፤ ሁለተኛ በሌላ ሕግ የተከለከለ መሆን የለበትም፤ ሦስተኛ ለዚያው ነገር ሌላ በጀት የተመደበለት ሊሆን አይገባም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ክፍያው ሕገ ወጥ ነው።

ይህን የሚመዝነው እ.ኤ.አ. በ1921 የተቋቋመውና ከ2004 ወዲህ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ ተብሎ የሚጠራው ተቋም ነው። ተቋሙ የሚሠራው ለአስፈጻሚው አካል ሳይሆን ለኮንግረስ ነው። ኃላፊው ለ15 ዓመት ስለሚሾሙ ፕሬዚዳንት በተለወጠ ቁጥር አይለወጡም። ይህ የዘመን ርዝመት እንዲሁ የተሰጠ አይደለም፤ ሚኒስትርን «ይህን ኩባያ መግዛት አልነበረብህም» የሚል ሰው ለወንበሩ መስጋት የለበትም።

ስጦታ ወይስ ሽልማት?

የሕጉ ዋነኛ መለያ መስመር በስጦታና በሽልማት መካከል የተሰመረው ነው። ለተራው ሰው ሁለቱ ያው ሊመስሉት ይችላሉ፤ ሁለቱም በእጅ የሚቀበሉት፣ የሚያስደስት ነገር ነው። በሕግ ዓይን ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ስጦታ ሰጪው ስለወደደ የሚሰጠው ነገር ሲሆን፣ በሕዝብ ገንዘብ ስጦታ መስጠት ክልክል ነው። ሽልማት ደግሞ ለተለየ፣ ሊገለጽና ሊረጋገጥ ለሚችል ሥራ በሕግ በተፈቀደ ሥርዓት የሚሰጥ ዕውቅና ነው።

መሥሪያ ቤቶች ይህን መስመር ባለማየት ደጋግመው ተሰናክለዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 የደን አገልግሎቱ ባዘጋጃቸው ሴሚናሮች ለተሳተፉ መምህራን ያጌጡ የቁልፍ መያዣዎች ለማደል የወጣው ወጪ ውድቅ ተደርጓል። ከሦስት ዓመት በኋላ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በአንድ ኤግዚቢሽን ላይ ለጎብኚዎች የሰጣቸው፣ በደረቅ ቆሻሻ ቅርጽ የተሠራ ከረሜላ የያዙ ትንንሽ የፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያዎችም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷቸዋል። ሐሳቡ ብልሃት ያለው ነበር፤ ሰው ስለ ቆሻሻ አወጋገድ እንዲያስብ ታስቦ የተደረገ ነው። ነገር ግን ብልሃት ያለው ስጦታም ስጦታ ነው ተባለ። የበዓል መልካም ምኞት መግለጫ ካርድ እንኳ የግል ወጪ ነው፤ ኃላፊው መላክ ከፈለገ ከራሱ ኪስ ይግዛ።

እ.ኤ.አ. በ1991 የተሰጠው የቲሸርት ውሳኔ ከሁሉም ይበልጥ አስተማሪ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሠራተኞች በየዓመቱ ከደመወዛቸው ለበጎ አድራጎት የሚያዋጡበት መንግሥት ያወቀው ዘመቻ አለ። የተወሰነ መጠን ላዋጡ ሠራተኞች የዘመቻው ዓርማ ያለበት ቲሸርት በመሥሪያ ቤቱ በጀት ገዝቶ መስጠት ይቻል እንደሆነ ተጠየቀ። የጠያቂዎቹ መከራከሪያ የሚናቅ አልነበረም፤ ቲሸርቱ ሌሎችን ያነሣሣል፣ ዘመቻውም በራሱ የተፈቀደ ነው። መልሱ ግን አይቻልም የሚል ሆነ። ዘመቻውን ማገዝ መፈቀዱ ለአዋጪዎች ስጦታ መግዛትን አያስከትልም። ዓላማው በጎ መሆኑና ወጪው ሕጋዊ መሆኑ ለየብቻ የሚመዘኑ ነገሮች ናቸው።

ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ዓርማ የታተመበት ቲሸርት፣ ኮፍያና ቦርሳ ማደል ለለመደ ዓይን ይህ ውሳኔ ስስት ሊመስል ይችላል። የአንድ ቲሸርት ዋጋ በእርግጥ ትንሽ ነው። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ ቢሮዎች ላሉት መንግሥት «ትንሽ ነው» የሚለው ቃል ሲደመር ትንሽ አይሆንም።

ሁሉም ነገር ተዘግቷል ማለት ግን አይደለም። መልእክት የታተመበት ዕቃ ራሱ የመሥሪያ ቤቱን ሕጋዊ ሥራ የሚያከናውን ከሆነ ይፈቀዳል። እ.ኤ.አ. በ1992 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ስለ ቤት ውስጥ አየር ጥራት የሚያስተምሩ የደረት ምልክቶችን በበጀቱ እንዲገዛ ተፈቅዶለታል፤ ሕዝቡን ማስተማር በሕግ የተጣለበት ግዴታ ነበርና። ከረሜላው ለምን ተከለከለ፣ የደረት ምልክቱ ለምን ተፈቀደ የሚለው ጥያቄ የሕግ ባለሙያዎችን እስከ ዛሬ ፈገግ ያሰኛል፤ መስመሩ ሁልጊዜ እንደ ክር ቀጥ ያለ አይደለም።

የሠራተኛ ሞራልም ቢሆን ፈጽሞ አልተናቀም። እ.ኤ.አ. በ1972 በሥራ ቦታ ለስላሳ ሙዚቃ የሚያሰማ አገልግሎት መግዛት ተፈቅዷል፤ ሙዚቃው የሥራ መንፈስንና ምርታማነትን እንደሚያሻሽል በሰፊው የታመነ ነው በሚል ምክንያት። ለቢሮ ማስዋቢያ የሚሆኑ ሥዕሎችም በተመሳሳይ ምክንያት ተፈቅደዋል። በእነዚህና በቲሸርቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል ነው። ሙዚቃውና ሥዕሉ በሥራ ቦታው ይቀራሉ፤ ቲሸርቱ ግን ወደ ቤት ይሄዳል።

ሕግ የከፈተው በር

ኮንግረስ ሠራተኛን ያለ ሽልማት ማሠራት እንደማይበጅ በመገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1954 የመንግሥት ሠራተኞች ማበረታቻ ሽልማት ሕግን አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የላቀ ሐሳብ ላመነጨ፣ ወጪ ለቀነሰ፣ አሠራር ላሻሻለ ወይም ለሕዝብ ጥቅም የተለየ ተግባር ለፈጸመ ሠራተኛ የገንዘብ ሽልማት መክፈልና ለክብር ዕውቅናው የሚያስፈልገውን ወጪ ማድረግ ይችላል። «የሚያስፈልገው ወጪ» የሚለው ሐረግ ብዙ ነገር ይዟል። የክብር ሰሌዳ፣ የምስክር ወረቀት፣ ሜዳሊያ፣ የአገልግሎት ዘመን የደረት ዓርማ ሁሉ በዚህ በር ይገባሉ። ያው ኩባያ ለሁሉም በነጻ ሲታደል ሕገ ወጥ ሆኖ፣ በጽሑፍ በተቀመጠ የሽልማት ሥርዓት ለተረጋገጠ ሥራ ሲሰጥ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል።

የገንዘቡ መጠንም ልክ አለው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ በራሱ ሥልጣን እስከ 10 ሺህ ዶላር መሸለም ይችላል። ከዚያ በላይ እስከ 25 ሺህ ዶላር ለመሸለም የሠራተኞች አስተዳደር ቢሮውን ማጽደቅ ይሻል። በዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ተመሥርቶ የሚከፈለው ደግሞ ከመደበኛ ዓመታዊ ደመወዝ እስከ 10 በመቶ፣ እጅግ የላቀ ውጤት ከሆነም እስከ 20 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ለከፍተኛ የሥራ መሪዎች በፕሬዚዳንቱ ስም የሚሰጠው የማዕረግ ሽልማት በሁለት ደረጃ የተከፈለ ሲሆን፣ ከመደበኛ ደመወዝ 20 ወይም 35 በመቶ ያስገኛል። ከገንዘብ ይልቅ የዕረፍት ሰዓት መሸለምም ይቻላል፤ ይህ ዕረፍት ግን ተመንዝሮ በገንዘብ አይከፈልም።

የገንዘብ ሽልማት እንደ ደመወዝ ይቆጠራልና ግብር ይቆረጥበታል። የመደብር የስጦታ ካርድም እንደ ጥሬ ገንዘብ ስለሚታይ መጠኑ ትንሽ ቢሆን እንኳ ከግብር አያመልጥም። ዋጋው አነስተኛ የሆነ የክብር ሰሌዳ ወይም የደረት ዓርማ ግን ግብር የለበትም።

ሽልማቱ የሹማምንት መጠቃቀሚያ እንዳይሆንም ጥበቃ ተደርጓል። በፖለቲካ ሹመት የተቀመጡ ከፍተኛ ባለሥልጣናት በዚህ ሕግ የገንዘብ ሽልማት አያገኙም። በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዓመት ከሰኔ ወር መጀመሪያ አንሥቶ አዲሱ ዘመን እስከሚጀመርበት እስከ ጥር 20 ድረስ (ቀኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለሌሎች የፖለቲካ ተሿሚዎችም ሽልማት መስጠት ክልክል ነው። ተሰናባቹ መንግሥት በመውጫው በር ላይ ለወዳጆቹ ግምጃ ቤቱን እንዳይከፍት የተደረገ ነው።

ሕጉ የሚመለከተው የመንግሥትን ሠራተኛ ብቻ መሆኑም መታወስ አለበት። በኮንትራት ድርጅት ተቀጥሮ እዚያው ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ጎረቤቱ ሲሸለም ያጨበጭባል እንጂ በዚህ ሕግ አይሸለምም፤ አሠሪው ሌላ ነውና። ከመሥሪያ ቤት ውጭ ላሉ ዜጎች ሽልማት ለመስጠትም የተለየ የሕግ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሀገራችን ለሞዴል አርሶ አደሮች እንደሚሰጠው ያለ ሽልማት በአሜሪካ ፌዴራል በጀት ቢታሰብ፣ በሠራተኞች ሽልማት ሕግ ሊከናወን አይችልም ማለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሕግ መሥሪያ ቤቶች ለዜጎች የፈጠራ ውድድር አዘጋጅተው እንዲሸልሙ ፈቅዷል።

በጦር ሠራዊቱ ዘንድ የተለመደው የአዛዦች ሳንቲምም በዚሁ ሚዛን ያልፋል። አዛዡ በበጀት የተገዛውን ሳንቲም ለተለየ ተግባር በሽልማት መልክ ለወታደሩ ይሰጣል፤ ለእንግዳና ለወዳጅ እንደ ማስታወሻ ለመበተን ግን አይችልም።

ምግብና መጠጥ

እዚህ ላይ ሕጉ ይጠብቃል። ሰው መንግሥት ቢቀጥረውም ባይቀጥረውም መብላቱ አይቀርም፤ ስለዚህ በመደበኛ የሥራ ቦታ የሚበላ ምግብ የግል ወጪ ነው። ሥራ መብዛቱ፣ ሰዓት መርዘሙ ብቻውን ምሳን የመንግሥት አያደርገውም። የታሸገ ውኃ እንኳ የሚገዛው በሕንፃው ውስጥ ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ ውኃ ሳይኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ብሔራዊ የአየር ትንበያ አገልግሎት ለሠራተኞቹ የወረቀት ኩባያ፣ ሰሃንና የሚጣል ሹካ መግዛት ይችል እንደሆነ ተመርምሮ አይችልም ተብሏል።

ልዩ ሁኔታዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 በማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ጉዳይ በተሰጠ ውሳኔ፣ በሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ቀለል ያለ መስተንግዶ ማድረግ የዕውቅናው «የሚያስፈልግ ወጪ» አካል ሊሆን እንደሚችል ተረጋግጧል። ሌላው የእውነተኛ አደጋ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 መጨረሻ የቀደምት አሜሪካውያን ተቃዋሚዎች በዋሽንግተን የሕንዶች ጉዳይ ቢሮን ሕንፃ በያዙበት ወቅት፣ የጥበቃ ኃይሎች ለማንኛውም ነገር ዝግጁ ሆነው እንዲቆዩ ታዘዙ። ለእነርሱ የተገዛው ምግብ በሰው ሕይወትና በመንግሥት ንብረት ላይ ያንዣበበውን አደጋ በማየት ተቀባይነት አገኘ። ከዚያ በኋላ ይህን ውሳኔ እየጠቀሱ የመጡ ብዙዎች ግን በር ተዘግቶባቸዋል።

የቢሮ ጓደኛን ልደት፣ ሠርግ ወይም ጡረታ ማክበር የፈለጉ ሠራተኞች ታዲያ የሚያደርጉት እንደ እኛው ሀገር መዋጮ ነው። በዚህም ላይ ደንብ አለ። ሠራተኛ ለአለቃው ስጦታ መስጠት በመርሕ ክልክል ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ከ10 ዶላር የማይበልጥ፣ ገንዘብ ያልሆነ ነገር መስጠት፣ ምግብ አምጥቶ አብሮ መቋደስ፣ እንደ ሠርግና ጡረታ ላሉ ልዩ አጋጣሚዎችም ተገቢ ስጦታ ማበርከት ይፈቀዳል። አዋጣ ተብሎ መገደድ ግን የለም።

ላስ ቬጋስ

ደንቡ ሁሉ እያለ ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳየው የጠቅላላ አገልግሎቶች አስተዳደር የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። መሥሪያ ቤቱ የመንግሥትን ሕንፃዎችና ግዥዎች የሚያስተዳድር፣ ቁጠባን ለሌሎች ሊያስተምር የሚገባው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ወደ 300 ለሚጠጉ ሰዎች በላስ ቬጋስ አቅራቢያ ያዘጋጀው ጉባኤ ከ822 ሺህ ዶላር በላይ እንደፈጀ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 ይፋ አደረገ። ለመታሰቢያ ሳንቲሞች 6 ሺህ 325 ዶላር፣ የሰው ልብ አነባለሁ ለሚል ትርኢት አቅራቢ 3 ሺህ 200 ዶላር፣ «የቡድን መንፈስ ለመገንባት» በሚል ብስክሌት ለመገጣጠም 75 ሺህ ዶላር ወጥቷል። ብስክሌቶቹ በኋላ ለሕፃናት በጎ አድራጎት ተሰጡ፤ ይህም ወጪውን ሕጋዊ አላደረገውም። ሳንቲሞቹ ለተሳታፊዎች የታደሉ እንጂ በሽልማት ሥርዓት ለተለየ ሥራ የተሰጡ አልነበሩም፤ የቁልፍ መያዣው ታሪክ ራሱን ደገመ።

ሌላም ጉዳይ ነበር። በዚያው መሥሪያ ቤት አንድ ቀጣና ሠራተኞች እርስ በርስ ነጥብ እየተሰጣጡ ነጥቡን በዕቃ የሚለውጡበት የማበረታቻ መደብር ነበር፤ ከዕቃዎቹም መካከል አይፖድ የተባሉ የሙዚቃ ማጫወቻዎችና ካሜራዎች ይገኙ ነበር። ቁጥጥሩ የላላ ስለነበር የሙዚቃ ማጫወቻዎች መጥፋት ተሰማ። ሽልማት የሚሰጠውና የሚቀበለው ሰው እየተፈራረቁ አንድ ሲሆኑ ሕጉ የታሰበለት ዓላማ እንደሚጠፋ ይህ ግልጽ ማሳያ ሆነ።

ሪፖርቱ በወጣበት ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ማርታ ጆንሰን ሁለት ከፍተኛ ባለሥልጣናትን አሰናብተው ራሳቸውም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በቀጣዩ ወር ከዋይት ሐውስ የወጣ መመሪያ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የሚፈጅ ጉባኤ በምክትል ኃላፊ ደረጃ እንዲጸድቅ፣ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ የሆነውም የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ በጽሑፍ ልዩ ፈቃድ ካልሰጠ እንዳይካሄድ አዘዘ፤ ትላልቅ ወጪዎችም በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲገለጹ ተደረገ። ከዚህ ቅሌት ይፋ መሆን በፊት፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011፣ የወጣ የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝም የክብር ሰሌዳ፣ ልብስና የመታሰቢያ ዕቃ ግዥ እንዲገደብ አሳስቦ ነበር።

የሚፈርመው ሰው

የዚህ ሁሉ ደንብ ጉልበት ያለው በአንድ ፊርማ ላይ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል አሠራር እያንዳንዱን ክፍያ የሚያረጋግጥ ሹም አለ፤ ያረጋገጠው ክፍያ ሕገ ወጥ ሆኖ ከተገኘ በግሉ ተጠያቂ ሆኖ ገንዘቡን ከኪሱ እንዲተካ ሊጠየቅ ይችላል። ከተፈቀደው በጀት በላይ እያወቀ ወጪ ያደረገ ሹም ደግሞ እስከ 5 ሺህ ዶላር መቀጮና እስከ ሁለት ዓመት እስራት የሚያደርስ የወንጀል ቅጣት ይጠብቀዋል። ስለዚህ አለቃ «ቲሸርቱን ግዙ» ቢል እንኳ ፈራሚው «የሚፈቅደውን ሕግ ያሳዩኝ» የማለት መብት ብቻ ሳይሆን የራሱ ጥቅምም አለው።

ይህ የፌዴራሉ ሥርዓት ነው። ክፍላተ ግዛቶቹ የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተንን የመሳሰሉት የሕዝብን ገንዘብ በስጦታ መስጠትን በሕገ መንግሥታቸው ከልክለዋል።

በኢትዮጵያም መሠረቱ ተመሳሳይ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ፣ በበጀት ዓመቱ የተመደበው ገንዘብ ለተመደበለት ሥራ በሚገባ መዋሉን እንዲያረጋግጥና ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርብ ያዛል። ክልሎችም የየራሳቸው ዋና ኦዲተር አላቸው። በወረዳ ምክር ቤት ጉባኤ ላይ የሚቀመጥ አንድ አርሶ አደር ስለ መስተንግዶ፣ ስለ ኅትመትና ስለ ማበረታቻ ወጪ ሲጠይቅ፣ ሊያነሣቸው የሚችሉት ጥያቄዎች ከላይ ከተጠቀሱት ብዙ አይርቁም፦ ወጪውን የፈቀደው የትኛው ሕግ ወይም መመሪያ ነው? የተሸለመው ማን ነው? ለየትኛው ሥራ? ምዘናውስ በጽሑፍ ተቀምጧል?

በአሜሪካ ለተጠራጠረ ፈራሚ አንድ መውጫ አለለት። ክፍያውን ከማጽደቁ በፊት ጥያቄውን በጽሑፍ ለመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮው አቅርቦ አስቀድሞ ውሳኔ መጠየቅ ይችላል። ስለ ቲሸርትና ስለ ወረቀት ሰሃን የተሰጡትን የመሰሉ ውሳኔዎች ለዘመናት የተጠራቀሙት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።